የባህል ጨዋታ ልብስ፤ ጥለቱና አስተጣጠቁ

የአገራችን የባህል ጨዋታዎች ከመንደር ሜዳ ወጥተው፣ ደንብ ተጽፎላቸው፣ ዳኛ ተሰይሞላቸው፣ የየክልሉና የየከተማው ቡድን የሚገናኝባቸው ውድድሮች ለመሆን መብቃታቸው ሁላችንንም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ገናው፣ ትግሉ፣ ገበጣው፣ ቡቡና ኩርቦው፣ የፈረስ ጉግሱና የፈረስ ሸርጡ ዛሬ ፌዴሬሽን አላቸው፤ በትምህርት ቤትም ስማቸው ይጠራል። ስለ ሜዳቸው ስፋት፣ ስለ ሰዓታቸውና ስለ ነጥብ አቆጣጠራቸው ብዙ እንደ ተደከመበት እናውቃለን። ተጫዋቾቹ ስለሚለብሱት ልብስ ግን ከ«ያምራል» ወይም ከ«አያምርም» አልፎ በቁም ነገር ሲነገር አልሰማንም። በእነዚህ ገጾች መጽሐፍና ቴያትር ሲመረመር ማየት የለመደ አንባቢ ልብስ ሲመረመር ቢያይ አይደነቅብን። ልብስም እንደ ድርሰት አንድ ሰው አስቦ የሠራው፣ ሌላው የሚለብሰው፣ ብዙ ሕዝብ ደግሞ ከሩቅ ሆኖ የሚያነበው ነገር ነው፤ እንደ ድርሰትም ሊሳካ ወይም ሊበላሽ ይችላል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በአቃቂ ቃሊቲ ያየነው ጨዋታ ነው። አቃቂ የአዲስ አበባ የደቡብ በር ነው፤ የጥንቱ የጅቡቲ ምድር ባቡር ያልፍበት የነበረ፣ ፋብሪካና መጋዘን የተደረደረበት፣ ብዙው ነዋሪ በእጁ ሥራ የሚያድርበት ሰፈር ነው። መሬቱ መረሬ ነው። በክረምት ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በገና ሰሞን ደግሞ ሃያ ልጆች የሮጡበት እንደ ሆነ አቧራው ሰውን ከሰው አያስለይም። በዚያ ካሉት ሜዳዎች በአንዱ የሁለት ትምህርት ቤቶች ልጆች ገና ሲጫወቱ ቆመን ተመለከትን። የትምህርት ቤቶቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የምንናገረው ጉድለት የእነርሱ ብቻ ሳይሆን በየቦታው የሚታይ ነውና።

ሁለቱም ወገኖች እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ቀሚስ መሰል ሸሚዝ ለብሰው ነበር። በአንገቱ፣ በደረቱና በእጅጌው ጫፍ የጥለት መልክ ታትሞበታል፤ የአንዱ ወገን ጥለት አረንጓዴና ቢጫ፣ የሌላው ቀይና ቢጫ ነው። በወገባቸው ነጠላ አሸርጠዋል፤ ቁጥራቸውም በጀርባቸው በወርቅማ ቀለም ተጽፏል። ተሰልፈው ሲገቡ በእውነት ያምሩ ነበር፤ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። ሩሩ ከተመታ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የአንዱ ልጅ ነጠላ ተፈትቶ ተረገጠና ልጁ በአፍ ጢሙ ተደፋ። ሌላው በትሩን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ሰፊው እጅጌ ወርዶ ጣቶቹን እየሸፈነበት በግራ እጁ ይሰበስብ ነበር፤ ገና የሚጫወት ሰው ደግሞ ትርፍ እጅ የለውም። አቧራው ሲነሣ አረንጓዴውም ቀዩም ጥለት ጠፋ፤ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዐይነት ቡናማ ሆኑ፤ ዳኛውም «አንተ የማን ወገን ነህ?» እያለ ሲጠይቅ በጆሯችን ሰማን። ከሜዳው ዳር ደግሞ አንድ ተጠባባቂ ልጅ የተሰጠውን ነጠላ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ደርቦ ቆሞ ሳለ፣ በዚያ የሚያልፉ አንዲት አሮጊት ደንግጠው «ውይ ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» አሉት። ልጁ ጥያቄው አልገባውም። ነጠላ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ለሐዘን መሆኑን ልብሱን ያሰፉለት ሰዎች አልነገሩትም።

እኛ የአሮጊቷን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ትልቅ ሒስ አድርገን ወሰድነው። ልብሱ «የባህል ልብስ» ተብሎ ተሰፍቷል፤ ባህሉን የምታውቀው ሴት ግን ስታየው ለቅሶ መሰላት።

የቀድሞ ሰው ምን ለብሶ ገና ይጫወት ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለጨዋታው ብቻ ተብሎ የተሰፋ ልብስ አልነበረም። ሰው ለበዓሉ የለበሰውን ለብሶ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ጋቢውን ለሚጠብቅለት ሰው ይሰጣል፤ ነጠላውን አጥፎ ወገቡ ላይ አጥብቆ ይጠመጥማል፤ ሱሪውን ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ በትሩን ያነሣል። ወገኖቹ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ናቸውና በፊት ይተዋወቃሉ፤ አንዱ አንዱን በድምፁ፣ በአሯሯጡ፣ በትከሻው ይለየዋል። ስለዚህ የወገን መለያ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ ግን አንዱ ቡድን ከአንድ ክልል፣ ሌላው ከሌላ ክልል ይመጣል፤ ዳኛው አንዱንም አያውቅም፤ ተመልካቹም እንዲሁ። ስለዚህ መለያ ያስፈልጋል። መለያ ማስፈለጉን አንቃወምም፤ የምንቃወመው መለያውን የሠሩት ሰዎች ከቀድሞው አለባበስ የወሰዱትን ነገር ነው። የወሰዱት ጥለቱን ነው፤ የተዉት አስተጣጠቁን ነው።

«ታጠቀ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሰው ወገቡን ሲያስር ታጠቀ ይባላል፤ ጦር ሲይዝም ታጠቀ ይባላል፤ ለሥራ ሲነሣም ታጥቆ ተነሣ ይባላል። ቋንቋችን ልብስን ማሰርንና ለትግል መዘጋጀትን በአንድ ቃል የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሸማ ያልተቆረጠና ያልተሰፋ ጨርቅ ነው፤ መልክ የሚሰጠው የለባሹ እጅ ነው። ያው አንድ ጨርቅ በታላቅ ሰው ፊት ሲቆሙበት ይደገደጋል፤ ለቤተ ክርስቲያን ይጣፋል፤ ለለቅሶ ይዘቀዘቃል፤ ለሥራ ይታጠቃል። ሲሞን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጥናት ሸማችን ያለ ድምፅ የሚነገር ቋንቋ መሆኑን ጽፎ ነበር። ይህን የውጭ ሰው ሳይቀር ካስተዋለው፣ እኛ ቋንቋውን ትተን ፊደሉን ብቻ በሸሚዝ ላይ ማተማችን የሚያሳዝን ነው።

የተሰፉትም ልብሶቻችን ቢሆኑ ለሥራቸው የታሰቡ ነበሩ። እጀ ጠባብ የሚባለው ልብስ ስሙ ራሱ ስለ ቅዱ ይናገራል፤ እጁ ጠባብ የሆነው ክንድ እንዲፈታ፣ ጨርቁ ከበትርና ከጦር ጋር እንዳይያያዝ ነው። ዛሬ በዚሁ ስም እየተጠራ የሚሰፋው ልብስ እጁ ሰፊ መሆኑን ስናይ ስሙና ነገሩ ምን ያህል እንደ ተለያዩ እንረዳለን። የቀድሞው ሱሪ ከጉልበት በታች ባትን አጥብቆ የሚይዝ ነበር፤ ይህም ለፈረሰኛ እጅግ የተመቸ ነው፤ በእግሩና በኮርቻው መካከል የሚታጠፍ ትርፍ ጨርቅ ስለሌለ አይላጥም። ድግ የሚባለውም ብዙ ክንድ የሚረዝም መታጠቂያ ከሆድ እስከ ጎድን ተጠምጥሞ ወገብን ይደግፋል። ይህ ሁሉ ሲታይ ጥለት ቢኖርበትም ባይኖርበትም ሥራውን የሚሠራ ልብስ ነበር። ጥለቱ የሚመጣው በመጨረሻ፣ በጫፉ ላይ፣ እንደ ጽሑፍ ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ እንመለስ። በገበያ ላይ ለባህል ቡድን የሚሸጠው ልብስ ከሁለት ዐይነት ጨርቅ አይወጣም። አንደኛው በእጅ የተሸመነ ሸማ ነው። ይህ ለስላሳ፣ የሚያምርና የሚያሞቅ ጨርቅ ቢሆንም ላብ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ቶሎ አይለቅም። በታኅሣሥ ጠዋት፣ በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ላብ የጠጣ ሸማ በጀርባ ላይ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ከዚህም ሌላ ሸማ ሲጐትቱት ይሳባል፤ ለመደረብ እንጂ ለመጐተት አልተሸመነም። ጥበብ የተጣለበት ስፍራ ደግሞ ከቀረው ጨርቅ ይልቅ ይወፍራል፤ ወርቀ ዘቦ የገባበት እንደ ሆነ አንገትና ብብት ይቧጭራል። ሁለተኛው ጥበብ የታተመበት የፖሊስተር ጨርቅ ነው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ላብም አይጠጣም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው አየር የማያሳልፍ፣ የማይለጠጥ ዐይነት ነው። የእግር ኳስ ማልያ የሚመቸው እንደ ሹራብ ተያይዞ የተሠራ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ስለ ሆነ ነው። ከማይለጠጥ ጨርቅ የሚሰፋ ሸሚዝ ከብብቱ ሥር ጭማሪ ጨርቅ ካልተደረገለት፣ ልጁ በትሩን ከራሱ በላይ ሲያነሣ ወይ ሸሚዙ ይቀደዳል ወይ ልጁ በትሩን አያነሣም። ሁለቱንም አይተናል።

አንዳንድ ሰዎች «በፋብሪካ ጨርቅ የባህል ልብስ መሥራት ባህልን ማርከስ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች የምንመልሰው በሽማኔው አፍ ነው። ሽማኔ ድርና ማግ አለው፤ ማጉ በሴቶች እጅ በእንዝርት የተፈተለ ሊሆን ይችላል፤ ድሩ ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በብዛት ከፋብሪካ የሚወጣ ክር ነው። በሽሮ ሜዳ ተሰቅሎ የምናየው «ንጹሕ የባህል ሸማ» በውስጡ የመኪና ክር ይዟል ማለት ነው። አቃቂም ለዚህ ባዕድ አይደለችም። በ1950ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያና በሕንድ ባለሀብቶች ሽርክና የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚያው በአቃቂ ጥጥ ሲፈትልና ጨርቅ ሲሠራ ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ፋብሪካዎች ጋር በመንግሥት ተወርሷል። ከተማው በሰሜን ጫፉ የእጅ ሽመና፣ በደቡብ ጫፉ የመኪና ፈትል ይዞ ኖሯል፤ ሁለቱም የአንድ ጥጥ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ጨርቁ ከወዴት መጣ የሚል ሳይሆን ለባሹን ምን ያደርግለታል የሚል መሆን አለበት።

ስለ ቀለም እንናገር። ነጭ የበዓላችን ልብስ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሁለት ነጭ ለባሽ ቡድኖች ግን በአንድ ሜዳ ሲገናኙ በጣት ስፋት ባለ ጥለት ብቻ ይለዩ ማለት ዳኛውንም፣ ተጫዋቹንም፣ ተመልካቹንም መበደል ነው። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ካኖ ጂጎሮ በ1882 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ጁዶ የሚባለው የጃፓን ትግል ለረጅም ዘመን ሁለቱም ተጋጣሚዎች ነጭ የሚለብሱበት ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ጃፓናዊውን በአገሩ ያሸነፈው ኔዘርላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ በ1986 እ.ኤ.አ. ከሁለቱ አንዱ ሰማያዊ ይልበስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጃፓኖች ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው በማለት አጥብቀው ተቃወሙ። ከአሥር ዓመት ክርክር በኋላ በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለሙ ፌዴሬሽን ሰማያዊውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ጁዶ ጃፓናዊነቱን አጣ ያለ ሰው የለም፤ ዳኛው ግን ማን ማንን እንደ ጣለ በቀላሉ ያያል።

ለእኛ መፍትሔው ከዚህ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም አገራችን ከነጭ ሌላ የሚታይ ልብስ የሌላት አይደለችም። በወላይታና በጋሞ የሚሸመነው ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመሩ ጐላ ብሎ ከሩቅ የሚጠራ ጨርቅ ነው። በዚያ ጨርቅ የተሰፋ ቁምጣ የለበሰ ልጅ በአቃቂ አቧራ ውስጥ እንኳ አይጠፋም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማስታወስ እንወዳለን። የደጋው ሸማ ጥለት ብቻ የኢትዮጵያ ባህል ሁሉ ምልክት ተደርጎ በየቡድኑ ደረት ላይ መታተሙ ተገቢ አይደለም። ከደቡብና ከምዕራብ የሚመጣው ታጋይ የራሱ አለባበስ እያለው የሌላውን ጌጥ ደረቱ ላይ ለጥፎ እንዲታገል ይደረጋል።

ትግልን ካነሣን ዘንድ በዚያ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ልብስ የጨዋታው ደንብ ክፍል የሚሆነው በትግል ነውና። የጃፓን ሱሞ ታጋይ ወገቡ ላይ የሚጠመጥመው ማዋሺ የሚባለው መታጠቂያ ሲዘረጋ 9 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጌጥ አይደለም፤ ተጋጣሚው የሚይዘው እርሱን ነው። በስዊስ ተራሮች ሽቪንገን በሚባለው የእረኞች ትግል ታጋዮቹ ከሱሪያቸው በላይ ከወፍራም ጆንያ መሰል ጨርቅ የተሰፋ አጭር ሱሪ ይለብሳሉ፤ መያዣው እርሱ ነው። እንዲያውም ከጂምናስቲክ ማኅበራት የመጡት ታጋዮች ነጭ ሲለብሱ፣ የእረኞቹ ወገን ጥቁር ሱሪና ባለ ቀለም ሸሚዝ ይለብሳል። እነዚህ ሕዝቦች ባህላቸውን የጠበቁት መያዣውን በመጠበቅ ነው። እኛስ? ብዙ ክንድ የሚረዝም ድግ ያለን ሰዎች ለታጋዮቻችን የምናስታጥቃቸው ምንድን ነው? በአንድ ቋጠሮ የታሰረች ቀጭን ነጠላ ናት፤ ተጋጣሚው ቢይዛት ትፈታለች፤ ባይዛት ለምን እንደ ታሰረች አይታወቅም። በእኛ አስተያየት ለትግል የሚሆን ልብስ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ደንቡን አንብቦ ተጋጣሚ የት መያዝ እንደ ተፈቀደለት ማወቅ፣ ከዚያም ያንን ስፍራ ማጠንከር፣ የቀረውን ማቅለል አለበት።

የገበጣ ተጫዋች ያሻውን ይልበስ፤ እጅጌው ጠጠሩን ካልጠረገበት ይበቃዋል።

የፈረስ ጉግስ ነገር ግን ብርቱ ነው። የቀድሞው ፈረሰኛ ለምዱን ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻውን አንግቦ፣ እርካቡን በእግሩ አውራ ጣት ነክሶ ሲጋልብ የሚያስፈራና የሚያስደንቅ ነበር። ጎፈር ግን ማንም የሚደፋው አልነበረም፤ የጀግንነት ምስክር ነበር። ዛሬ ከሰው ሠራሽ ጠጕር የተሠራ ጎፈር ለቡድኑ አባላት ሁሉ እንደ ባርኔጣ ሲታደል እናያለን። ይህ ጎፈር ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ ትርጕሙን አጥቷል፤ ሁሉ ጀግና ከሆነ ማን ጀግና ነው? ሁለተኛ በዐይን ላይ እየወረደ ፈረሰኛውን ከኋላ የሚወረወረውን ዘንግ እንዳያይ ያደርገዋል፤ ከፈረስ ቢወድቅም ጭንቅላቱን አይጠብቀውም። በትርና ዘንግ በሚወናጨፍበት ጨዋታ ራስን የሚጠብቅ ነገር አለመኖሩ ለገናም ለጉግስም የሚያሳስብ ነው። አየርላንዶች ከገናችን ጋር እጅግ የሚመሳሰል ሀርሊንግ የሚባል የበትርና የኳስ ጨዋታ አላቸው። ማኅበሩ በ1884 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ብዙ ዘመን ራሳቸውን ገልጠው ይጫወቱ ነበር፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ማንኛውም ተጫዋች የራስ መከላከያ ሳይደፋ ወደ ሜዳ አይገባም። የድሮ ሰዎች ሳያጉረመርሙ አልቀሩም ይሆናል፤ ጨዋታው ግን ቀጠለ፤ ዐይንና ጥርስም ተረፈ።

የሴቶች ልጆች ልብስ ከወንዶቹም የባሰ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ከታች ሰፊ ጥበብ የተደረገበት ቀሚስ አልብሶ ሩጫና ዝላይ ያለበትን ጨዋታ ተጫወቺ ማለት ቀልድ ነው። ልጅቷ በአንድ እጇ ቀሚሷን ይዛ በአንድ እጇ ትጫወታለች። ይህንን አይቶ «ሴት ልጅ አትችልም» የሚል ሰውም አይጠፋም። የገጠር እናቶቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም፤ ቀሚሳቸውን በመቀነት ወደ ላይ ሰብስበው፣ ወገባቸውን ጠፍረው፣ ውሃ ሲቀዱና እንጨት ሲለቅሙ ኖረዋል። መቀነት የሥራ መሣሪያ ነው። በመቀነት የተሰበሰበ አጭር ቀሚስና ከሥሩ ባትን የሚይዝ ሱሪ ቢሰፋላቸው ከጨዋነትም ከባህልም የሚያጐድልባቸው ነገር የለም፤ ሁለት እጃቸውንም መልሰን እንሰጣቸዋለን።

ስለ ቁጥር የምንለው አጭር ነው። ወርቅማ ቀለም በነጭ ላይ አይነበብም፤ በጥለት ላይ የተጻፈ ቁጥርም ጥለቱን ያበላሻል እንጂ ቁጥር አይሆንም።

የጫማ ነገር ያስቸግራል። ከታች የእግር ኳስ ጫማ፣ ከላይ የባህል ልብስ ሲሆን ለዐይን አይስማማም ብለው ልጆቹን በጠፍጣፋ የቆዳ ነጠላ ጫማ የሚያስገቡ አሉ፤ በተሰነጠቀ መረሬ ላይ በነጠላ ጫማ መሮጥ ደግሞ እግርን ለወለምታ አሳልፎ መስጠት ነው። በዚህ ነገር ከሻምበል አበበ ቢቂላ የሚሻል አስተማሪ አናገኝም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ በሮም ማራቶን ዐዲሱ ጫማ እግሩን አልመች ስላለው በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ደግሞ የተመቸውን ጫማ አድርጎ ሮጦ፣ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ባዶ እግርን ወይም ጫማን እንደ ባህል አልቈጠረውም፤ የሚጠይቀው ይረዳኛል ወይስ አይረዳኝም ብሎ ብቻ ነበር። በሮም የለበሰው አረንጓዴ ማልያና ቀይ ቁምጣ ነበር፤ በላዩ አንድ የጥለት ፈትል አልነበረበትም። በዚያች ሌሊት ኢትዮጵያዊ መሆኑን የተጠራጠረ ሰው ግን አልነበረም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቅድና ስለ ጨርቅ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደን ግን ዋጋው ነው። በአቃቂው ሜዳ ዳር ከተመልካቾቹ መካከል በትር የያዙ አምስት ስድስት ልጆች ቆመው ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሩሩን ተቀብለው ሲያንከባልሉት ስናይ ከውስጥ ካሉት የሚበልጡ ተጫዋቾች መሆናቸው ታየን። «ለምን አልገባችሁም?» ብለን ስንጠይቃቸው አንደኛው «ልብሱን ቤተሰብ ነው የሚያሰፋው፤ የእኛ አልተሰፋም» አለን። የቀሩት ዝም አሉ። በዕለት ገቢ ለሚተዳደር ቤት ለአንድ ቀን የሚለበስ ጥበብ ያለው ልብስ ማሰፋት ከዓመቱ ደብተርና እስክሪብቶ የሚበልጥ ወጪ ሊሆን ይችላል። ገና ማለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ተገናኝተው፣ በበትሩ የተመታው ጌታ እንኳ የማይቈጣበት ጨዋታ መሆኑ የታወቀ ነው። ለመጫወት የሚያስፈልገው ጫፉ የታጠፈ በትርና አንድ ሩር ብቻ ነበር፤ በትሩም ከዛፍ የሚቈረጥ ነው። ዛሬ በልብሱ ምክንያት ድኻው ልጅ ከሜዳ ውጭ ከቆመ፣ የጨዋታውን ባህል ያፈረሰው ባህሉን ለማሳየት የተሰፋው ልብስ ነው ማለት ነው።

ልብሱ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሚያዝዘው መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት የሚያስበው ስለ መክፈቻው ሰልፍና ስለ ፎቶግራፉ ነው። ትዕዛዙ ብዙ ጊዜ ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይወጣል፤ ልኩም ለሁሉ አንድ ይሆናል። ልብስ ሰፊው ጨዋታውን አላየም፤ ተጫዋቹም ሰፊውን አያውቀውም። እንዲህ ባለ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚለበስ ልብስ አይገኝም። ሰልፍ ሰልፍ ነው፤ ለሰልፍ የሚሆን ካባና ነጠላ ቢኖር አንጠላም። ገብተው ለሕዝቡ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ አውልቀው ለሚጠብቅላቸው ሰው ቢሰጡት፣ አባቶቻችን ጋቢያቸውን ያደረጉትን ማድረጋቸው ነው።

ለጨዋታው ግን የምንመኘው ልብስ ይህን ይመስላል። እጁ እንደ ስሙ ጠባብ፣ ርዝመቱ ከዳሌ የማያልፍ፣ ከሚለጠጥና አየር ከሚያሳልፍ ጨርቅ የተሠራ፤ የአንዱ ወገን በሙሉ ነጭ፣ የሌላው በሙሉ ባለ ቀለም፤ ቁጥሩ በጥቁር ወይም በነጭ ጥርት ብሎ የተጻፈ። ጥለቱ በታች ጫፉ ላይ ብቻ ይሁን፤ በዚያ ስፍራ ማንንም አያውክም፤ የሸማም ጥለት ስፍራው ጫፉ ነው። ወገቡ ላይ ነጠላ በማሸረጥ ፈንታ እውነተኛ አጭር ድግ ይሰጠው፤ አስተጣጠቁንም የሰፈሩ ሽማግሌ መጥተው ለልጆቹ ያሳዩአቸው፤ ይህን ትምህርት የሚሰጥ ሱቅ የለም። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ልብሱን በአንድ ላይ ገዝቶ በየዓመቱ ለሚጫወቱት ቢያውስ፣ እናቶች ለአንድ ቀን ብለው አይበደሩም።

ለመጪው ገና ልብስ ለማሰፋት ያሰቡ ሹማምንትና መምህራን ካሉ የምንለምናቸው አንድ ነገር ነው። ጨርቁ በብዛት ከመቈረጡ በፊት ሦስት ዐይነት ናሙና ይሰፋ፤ ለስድስት ልጆች ይሰጥ፤ ልጆቹም በትርና ሩር ይዘው አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በመረሬው ሜዳ ላይ ይጫወቱበት። ልብስ ሰፊውም ከዳር ቆሞ ይመልከት። ሲመሽ የትኛውን አውልቀው ከድንጋይ ላይ እንደ ጣሉት፣ የትኛውን ለብሰው ወደየቤታቸው እንደ ሮጡ ይታይ፤ ጨረታው ከዚያ በኋላ ይውጣ።